ፍላቮኖይድን በሬዚን ዓምድ ማጣራት፦ የዘዴው ዳሰሳ

ፍላቮኖይድ በሚል የጋራ ስም የሚጠሩት የተክል ውህዶች አሥራ አምስት የካርቦን አቶሞች ባሉት አንድ ዓይነት አጽም ላይ የተገነቡ ሲሆኑ፣ አጽሙም ሁለት ባለስድስት ማዕዘን ቀለበቶችንና እነርሱን የሚያያይዝ ባለሦስት ካርቦን ድልድይ የያዘ ነው። በዚህ አጽም ላይ ሃይድሮክሲል የሚባሉት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቅጥያዎች በልዩ ልዩ ቦታ ስለሚሰኩና ብዙ ጊዜም የስኳር ሞለኪውል ስለሚታከል፣ ተለይተው የታወቁት የቤተሰቡ አባላት ከ6,000 በላይ ሆነዋል። የብዙ አበቦች ቢጫና ወይን ጠጅ ቀለም፣ የብርቱካንና የመሰሎቹ ልጣጭ ምሬት ከፊሉ፣ የሻይ ቅጠል አፍ የሚያኮማትር ጣዕም የሚመጣው ከእነዚህ ውህዶች ነው። ለመድኃኒት፣ ለምግብ ማሟያ ወይም ለመዋቢያ ሲፈለጉ ግን የሚገጥመው ችግር በየተክሉ ተመሳሳይ ነው፤ ቅጠሉ ወይም ልጣጩ በኢታኖል ተዘፍዝፎ ከሚገኘው ጥሬ ጭማቂ ደረቅ ክብደት ውስጥ ፍላቮኖይዱ ብዙውን ጊዜ ጥቂቱን ድርሻ ይዞ፣ የቀረው ስኳር፣ ጨው፣ ፕሮቲን፣ ታኒን፣ ሰምና ክሎሮፊል ይሆናል። ይህን ድብልቅ ለመለየት ዛሬ በቤተ ሙከራም በፋብሪካም በሰፊው የሚሠራበት መንገድ ጭማቂውን በሬዚን በተሞላ ዓምድ ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ ስለዚህም ዘዴው ራሱ፣ ስለ ዘዴው የተከማቸው የምርምር ጽሑፍም ምን ያህል እንደሚያስተማምን መመርመር ተገቢ ይሆናል።

ፍላቮኖይድን ለይቶ ማውጣት ከሬዚን እጅግ የቀደመ ሥራ ነው። ሄስፐሪዲን የተባለው የብርቱካን ዘመዶች ፍላቮኖይድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1828፣ ሩቲን ደግሞ በ1842 ተለይተው ወጥተዋል፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ሩቲን መጀመሪያ የተገኘው የአገራችን የጤና አዳም የቅርብ ዘመድ ከሆነ ተክል ነበር። በ1936 የሃንጋሪው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት-ጆርጂና የሥራ ባልደረቦቹ ከሎሚና ከበርበሬ ያገኙትን የፍላቮኖይድ ዝግጅት የደም ሥሮችን ግድግዳ የሚያጠነክር ቫይታሚን ነው ብለው ቫይታሚን ፒ የሚል ስም ሰጡት፤ የቫይታሚንነቱ ነገር በኋላ ውድቅ ቢሆንም ውህዶቹ ከኬሚስቶች መደርደሪያ ወጥተው የሕክምና ሰዎችን ዓይን የሳቡት ከዚያ ወዲህ ነው። በነዚያ ዘመናት ማጣራት ማለት በእርሳስ ጨው ማዝቀጥ፣ በአሲድና በአልካሊ እየቀያየሩ ማሟሟትና ማርጋት፣ ወይም ከውሃ ጋር በማይዋሃድ ፈሳሽ ደጋግሞ መሳብ ነበር። ከመንገዶቹ አንዳንዶቹ መርዛማ ቅሪት ይተዋሉ፣ አንዳንዶቹ ብዙ አሟሚ ይፈጃሉ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ወይም ሁለት ውህዶች በብዛት ላሉበት ተክል እንጂ ለተቀላቀለ ጭማቂ የሚመቹ አልነበሩም።

ሬዚን ከሌላ ሙያ የመጣ ነው። ሁለት የብሪታንያ ኬሚስቶች፣ አዳምስና ሆምስ፣ በ1935 ከፌኖልና ከፎርማልዴሃይድ የተሠራ ሰው ሠራሽ ሬዚን በውሃ ውስጥ ያሉ የጨው ቅንጣቶችን መለዋወጥ እንደሚችል ካሳወቁ በኋላ፣ ሬዚን በዋነኛነት የውሃ ማለስለሻ ሆኖ አደገ። በ1940ዎቹ የስታይሪንና የዳይቫይናይልቤንዚን ፖሊመር፣ ማለትም ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሚፈጥሩት ግዙፍ ውህድ፣ የሬዚን ዋና መሠረት ሆነ። ለተክል ኬሚስትሪ ወሳኝ የሆነው እርምጃ ግን ትልልቅ ቀዳዳ ያላቸው ሬዚኖች መሠራታቸው ነው፤ ፖሊመሩ በውሃ ውስጥ በጠብታ መልክ ሲረጋ ከፖሊመሩ ጋር የማይዋሃድ ሌላ ፈሳሽ አብሮ ይገባና በመጨረሻ ታጥቦ ሲወጣ፣ በየቅንጣቱ ውስጥ በደረቅ ጊዜም የማይዘጉ ባዶ መተላለፊያዎች ይቀራሉ። የአሜሪካው ሮም ኤንድ ሃስ ኩባንያ ተመራማሪዎች ይህን ዓይነት ሬዚን በ1962 በአንድ ሳይንሳዊ መጽሔት ላይ አስተዋወቁ፤ ከዚያም ምንም የኤሌክትሪክ ሙል የሌላቸው፣ ጨው የማይለዋወጡ፣ በገጻቸው ብቻ የሚይዙ የአምበርላይት ኤክስኤዲ ዝርያዎች ለገበያ ቀረቡ። ጃፓን ዳያዮን ኤችፒ-20ን ስታመርት፣ በቻይና ደግሞ በቲያንጂን ከተማ በሚገኘው የናንካይ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ የተገነባው የሬዚን ኢንዱስትሪ ዛሬ በጥናቶቹ ውስጥ በብዛት የሚጠቀሱትን እንደ ኤቢ-8 ያሉ ዝርያዎች አወጣ። በፍላቮኖይድ ማጣራት ላይ የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ከቻይና የመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ርካሽ ሬዚን፣ ሰፊ የባህል መድኃኒት ገበያና የተደራጀ ቤተ ሙከራ በአንድ አገር ተገናኝተዋል።

አሠራሩን ለመረዳት መያዝን ከመስረግ መለየት ያስፈልጋል። አድሶርፕሽን የሚባለው ሂደት አንድ ሞለኪውል በጠጣር ነገር ገጽ ላይ ተለጥፎ መቆየቱ ሲሆን፣ እንደ ስፖንጅ ውስጥ ውስጡን ከመምጠጥ የተለየ ነው። ስለዚህ ሬዚን የሚመዘነው በገጹ ስፋት ነው፤ የአንድ ግራም ኤቢ-8 ውስጣዊ ገጽ ቢዘረጋ ወደ 500 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ የኤክስኤዲ-16 ደግሞ ወደ 800 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ነገር ግን ስፋት ብቻውን አያበቃም፤ ቀዳዳው ለሞለኪውሉ ካልበቃ የውስጡ ገጽ ሁሉ ዋጋ የለውም፣ ቀዳዳው ከልክ በላይ ቢሰፋ ደግሞ ገጹ ያንሳል። ፍላቮኖይዱን ከሬዚኑ ጋር የሚያያይዙት ኃይሎች ደካማና ብዙ ናቸው። የሞለኪውሉ ጠፍጣፋ ቀለበቶች ከፖሊመሩ የቤንዚን ቀለበቶች ጋር ፊት ለፊት ይደራረባሉ፤ ውሃ የማይወዱት ክፍሎች ውሃውን ሸሽተው ወደ ፖሊመሩ ይጠጋሉ፤ ሬዚኑ ዋልታዊነት ማለትም ያልተመጣጠነ የኤሌክትሪክ ሙል ሥርጭት ካለው ደግሞ የሃይድሮክሲል ቅጥያዎቹ በሃይድሮጅን ትስስር ይያዛሉ። ስኳርና ጨው ግን ውሃ ወዳድ በመሆናቸው ከውሃው ጋር አልፈው ይሄዳሉ። ትስስሩ ደካማ መሆኑ ደግሞ እንከን ሳይሆን የዘዴው ጥቅም ነው፤ ውሃው በኢታኖል ሲተካ ሞለኪውሉ ኬሚካላዊ ለውጥ ሳያደርግ ይላቀቃል።

እዚህ ላይ የብዙ ጥናቶች መግቢያ የሬዚን ምርጫን የሥራው ሁሉ መፍቻ አድርጎ ያቀርባል። የተለመደው አካሄድ ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑ ሬዚኖችን በየጠርሙሱ ከጭማቂው ጋር አድርጎ ለሰዓታት መነቅነቅ፣ ከመነቅነቁ በፊትና በኋላ በፈሳሹ ውስጥ ያለውን ፍላቮኖይድ መለካት፣ ልዩነቱን ለሬዚኑ ክብደት ማካፈል፣ ከዚያም በኢታኖል አላቅቆ የተመለሰውን መመዘን ነው። ሙከራው ጠቃሚ ነው፤ ብዙ የሚይዝ ሬዚን ሁሉ በቀላሉ እንደማይለቅ ያሳያል፣ የሚመረጠውም መያዝንና መልቀቅን ያስታረቀው ነው። ሆኖም በተራ ጭማቂ ላይ ኤቢ-8፣ ዲ101፣ ኤችፒ-20 ወይም የቅርብ አቻቸው የሚያሳዩት ልዩነት ብዙ ጊዜ ጭማቂው በደንብ ባለመዘጋጀቱ ከሚመጣው ኪሳራ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከምርጫው ይልቅ ዝግጅቱ ላይ ማተኮር የሚሻል ይመስላል።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከሬዚኑ ነው። አዲስ ሬዚን የፋብሪካ ቅሪት፣ ማለትም ያልተያያዘ ስታይሪን፣ ዳይቫይናይልቤንዚንና ቀዳዳ የፈጠረውን ፈሳሽ ይዞ ስለሚመጣ፣ በኢታኖል ተዘፍዝፎ የሚወጣው ኢታኖል ከውሃ ጋር ሲቀላቀል መደፍረሱን እስኪያቆም ድረስ ይታጠባል፤ ቀጥሎም በቀጭን አሲድና በቀጭን አልካሊ ተራ በተራ ታጥቦ በውሃ ይለቀለቃል። ተክሉ በበኩሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 በመቶ በሆነ ኢታኖል ይመጠጣል፣ ምክንያቱም ንጹሕ ውሃ ስኳርንና ፕሮቲንን፣ ንጹሕ ኢታኖል ደግሞ ሰምንና ክሎሮፊልን በብዛት ይዞ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ኢታኖሉ በዝቅተኛ ግፊት ተንኖ ካልወጣ ፍላቮኖይዱ ከሬዚኑ ይልቅ ፈሳሹን መርጦ ሳይያዝ ያልፋል። ኢታኖሉ ሲወጣ ክሎሮፊሉና ሰሙ ይዘቅጣሉ፣ በማቆየትና በማጣራትም ይወገዳሉ፤ ይህ ካልተደረገ አረንጓዴው ቆሻሻ የሬዚኑን ቀዳዳ ይደፍናል። አደጋው ግን እዚሁ ላይ ነው። በክፍል ሙቀት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ሩቲን ወደ 0.13 ግራም ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ሩቲን የበዛበት ጭማቂ ኢታኖሉን ሲያጣ ራሱ ሩቲኑ አብሮ ይዘቅጥና ከቆሻሻው ጋር በማጣሪያው ላይ ይቀራል። በዓምዱ የገባውንና የወጣውን ብቻ አነጻጽሮ ከ90 በመቶ በላይ ተመልሷል የሚል ዘገባ፣ ከዓምዱ በፊት በማጣሪያ ላይ የተጣለውን ሳይቆጥር እንደቀረ አንባቢው ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውም።

የፈሳሹ አሲድነትም እንዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። የፍላቮኖይድ ሃይድሮክሲሎች ከገለልተኛው ፒኤች 7 ጀምሮ ወደ አልካሊ ሲኬድ ሃይድሮጅናቸውን እየጣሉ ሙል ስለሚይዙና ውሃ ወዳድ ስለሚሆኑ፣ በዚያ ሁኔታ ሬዚኑ አይዛቸውም፤ በአልካሊ ውስጥ ሲቆዩም በአየር ኦክስጅን ይበላሻሉ። በብዙ ጥናቶች ከ4 እስከ 5 ያለው ፒኤች ተመራጭ የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ከዚያ እጅግ ቢወርድ ደግሞ የመዝቀጡና ስኳሩ ከአጽሙ የመለየቱ ስጋት ይመጣል።

በዓምድ ውስጥ የሚሆነው በጠርሙስ ከሚሆነው የተለየ ነው። ፈሳሹ ከላይ ሲፈስ መጀመሪያ የሚጠግበው የላይኛው የሬዚን ክፍል ነው፤ የመያዣው ቀጠና ቀስ በቀስ ወደ ታች እየወረደ በመጨረሻ ከዓምዱ ግርጌ ሲደርስ ፍላቮኖይዱ ከሚወጣው ፈሳሽ ጋር ማምለጥ ይጀምራል። የሚያመልጠው የገባውን አንድ አሥረኛ ያህል ሲደርስ ማቆም የተለመደ ሲሆን፣ ውድ ውህድ ከሆነ ከዚያም ቀድሞ ይቆማል። ፍጥነቱና የፈሳሹ መጠን የሚለኩት ሬዚኑ በዓምዱ ውስጥ በያዘው ቦታ ይዘት ነው፤ አንድ ሊትር ሬዚን ባለበት ዓምድ በሰዓት ሁለት ሊትር ቢያልፍ ፍጥነቱ በሰዓት ሁለት የሬዚን ይዘት ይባላል፣ ጭማቂ ሲጫንም ከአንድ እስከ አራት ያለው የተለመደ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር እርጥብ ሬዚን 15 ሚሊ ግራም ፍላቮኖይድ የሚይዝና የጭማቂው ጥንካሬ በሚሊ ሊትር 3 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ ሬዚኑ የራሱን ይዘት አምስት እጥፍ ጭማቂ ሊያስተናግድ ይችላል ማለት ነው፤ በተግባር ግን ማምለጡ ቀድሞ ስለሚጀምር ከዚህ ያነሰ ይጫናል። ጥንካሬውን በመጨመር ጊዜ ለማትረፍ መሞከር ከልክ ሲያልፍ ጉዳት አለው፤ ወፍራም ጭማቂ ወደ ቀዳዳዎቹ ለመግባት ጊዜ ይወስዳል፣ ተቀናቃኝ ውህዶችም ቦታውን ይሻሙታል።

ጭነቱ ሲያበቃ ዓምዱ በውሃ ይታጠባል፣ ስኳሩና ጨውም ይወጣል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው እርምጃ ከሁሉም ይልቅ የባለሙያውን ብልሃት የሚጠይቅ ነው። ቀጭን ኢታኖል፣ ለምሳሌ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያለው፣ ቀላል የፌኖል አሲዶችንና የተረፈ ቀለምን ያወርዳል፤ ከ40 እስከ 70 በመቶ ያለው ስኳር የታከለባቸውን ፍላቮኖይዶች ማለትም ግላይኮሳይዶችን ያላቅቃል፤ ስኳር የሌላቸውና ቅባት ወዳድ የሆኑት ደግሞ የሚወጡት በ80 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ በ70 በመቶ ኢታኖል ማውረድ ምርቱን ያበዛል፣ ንጽሕናውን ግን ይቀንሳል፤ በደረጃ ማውረድ ንጽሕናውን ከፍ ያደርጋል፣ ፈሳሽና ጊዜ ግን ይፈጃል። በ100 ግራም ጥሬ ጭማቂ ውስጥ 10 ግራም ፍላቮኖይድ ኖሮ፣ ከዓምዱ የተገኘው 20 ግራም ዱቄት 8 ግራም ቢይዝ፣ ንጽሕናው ከ10 ወደ 40 በመቶ አድጓል፣ የተመለሰው ድርሻ ደግሞ 80 በመቶ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ካልቀረቡ አንዱ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከዓምዱ የወረደውን መካከለኛውን ጥቂት ክፍል ብቻ ወስዶ አስደናቂ ንጽሕና ማስመዝገብ ለማንም አይከብድምና።

ዘዴው በገበያ ላይ የተፈተነበት ትልቁ ጉዳይ የጊንኮ ቅጠል ነው። ጊንኮ ከቻይና የመጣ ጥንታዊ ዛፍ ሲሆን፣ የጀርመኑ ሽዋቤ ኩባንያ ኢጂቢ 761 በሚል ስም ያወጣው የቅጠሉ ጭማቂ 24 በመቶ የፍላቮኖል ግላይኮሳይድና 6 በመቶ ተርፒን ላክቶን የተባሉ ውህዶችን እንዲይዝ ተደርጎ ስለተወሰነ፣ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የዓለም ንግድ መለኪያ ሆነዋል። የጀርመኑ ዝግጅት በአሴቶንና በውሃ ድብልቅ ተመጥጦ በተከታታይ የማጣራት ደረጃዎች ያልፋል፤ የቻይና አምራቾች ግን ወደ ተመሳሳዩ ቁጥር ለመድረስ ቀጭን ኢታኖልንና የሬዚን ዓምድን መረጡ። ዓምዱ ለዚህ ሥራ የተመቸበት ሌላ ምክንያትም አለ፤ በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ጊንኮሊክ አሲዶች ቆዳን የሚያስቆጡ በመሆናቸው የአውሮፓ የመድኃኒት መድበል ከሚሊዮን 5 ክፍል እንዳይበልጡ ይከለክላል፣ እነርሱም ረጅም የካርቦን ጭራ ስላላቸው ከሬዚኑ ጋር ጠብቀው ተይዘው መካከለኛ ጥንካሬ ባለው ኢታኖል ከፍላቮኖይዱ ጋር ብዙም አይወርዱም።

ይሁን እንጂ የጊንኮ ታሪክ ዘዴው ያለ ታማኝ መለኪያ ምን ሊሆን እንደሚችልም ያሳያል። የፍላቮኖል ግላይኮሳይዱ መጠን የሚታወቀው ጭማቂው በአሲድ ተቀቅሎ ስኳሩ ከተለየ በኋላ የቀሩትን ክወርሴቲን፣ ኬምፕፈሮልና አይሶራምኔቲን የተባሉ አጽሞች በመለካትና ድምሩን ወደ 2.5 በሚጠጋ ቁጥር በማባዛት ነው። ይህን የሚያውቅ አጭበርባሪ ከሌላ ተክል የተገኘ ርካሽ ሩቲን ቢጨምር፣ ሩቲኑ ሲቀቀል ክወርሴቲን ስለሚሆን 24 በመቶው በቀላሉ ይሞላል፤ ማጭበርበሩ የሚጋለጠው የሦስቱ አጽሞች ምጣኔ ሲታይ ብቻ ነው። በ2015 ደግሞ የቻይና የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አንዳንድ አምራቾች ወጪ ለመቀነስ በቀጭን ኢታኖል ፈንታ 3 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እየተጠቀሙ መገኘታቸውን አስታውቆ ምርቶቹ ከገበያ እንዲሰበሰቡ አድርጓል። አሲዱ በቅጠሉ ውስጥ የነበሩትን ውህዶች ስለሚሰባብር፣ ከዚያ በኋላ ዓምዱ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ የወጣው ምርት ሌላ ነገር ነው። ዓምድ የተሰጠውን ይለያል እንጂ የተበላሸውን አይመልስም።

የመለኪያው ጉዳይ በምርምር ጽሑፉም ውስጥ ከሁሉ የከፋው ድክመት ነው። አብዛኞቹ ጥናቶች ጠቅላላ ፍላቮኖይድ ብለው የሚያቀርቡት ቁጥር የሚገኘው ሶዲየም ናይትራይት፣ አሉሚኒየም ክሎራይድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተጨምሮ የሚፈጠረውን ቀይ ቀለም በ510 ናኖ ሜትር የብርሃን ሞገድ በመለካት ነው። ይህ ቀለም ግን የፍላቮኖይድነት ምልክት አይደለም፤ የሚወጣው በአንድ ቀለበት ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሃይድሮክሲሎች ሲኖሩ በመሆኑ፣ ፍላቮኖይድ ያልሆነው የቡና ክሎሮጄኒክ አሲድ ቀለሙን ሲሰጥ፣ እውነተኛ ፍላቮኖይድ የሆኑት ኬምፕፈሮልና አፒጄኒን ግን ደካማ ምላሽ ብቻ ያሳያሉ። በዚህ ላይ ማመሳከሪያው ራሱ ቁጥሩን ይለውጠዋል፤ የሩቲን ሞለኪውል ክብደት 610፣ የክወርሴቲን 302 ሲሆን ቀለም የሚሰጠው የአጽሙ ክፍል ያው አንዱ ስለሆነ፣ ያው ናሙና በሩቲን ሲሰላ በክወርሴቲን ከተሰላው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ጥናት በአንድ ቅጠል 50 በመቶ፣ ሌላው በሌላ ቅጠል 70 በመቶ ንጽሕና አገኘሁ ሲል ሁለቱን ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው። ውህዶቹን አንድ በአንድ የሚለይ የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ መሣሪያ በሌለበት ቤተ ሙከራ የቀለም ዘዴው ለዕለት ተዕለት ክትትል ቢያገለግል ነውር የለበትም፤ ነውሩ ቁጥሩን የንጽሕና ማረጋገጫ አድርጎ ማቅረቡ ነው።

ሌላው የጽሑፉ ልማድ የስሌት ሞዴል ነው። የላንግሚር ሞዴል ሞለኪውሎች በእኩል ቦታዎች ላይ በአንድ ድርብ ብቻ እንደሚቀመጡ ይገምታል፤ የፍሮይንድሊክ ሞዴል ደግሞ ቦታዎቹ እኩል እንዳልሆኑ አድርጎ ይነሳል። ሁለቱም ለንጹሕ አንድ ውህድ ትርጉም አላቸው። በደርዘን የሚቆጠሩ ፍላቮኖይዶች ለአንድ ቦታ በሚሻሙበት ጥሬ ጭማቂ ላይ ግን ሁሉንም በአንድ ስም ደምሮ መስመር ማስመርና መስመሩ ገጠመ ብሎ ስለ ገጹ ባሕርይ መደምደም፣ ሞዴሉ ያልተሠራለትን ሥራ ማሠራት ነው። የፍጥነት ሞዴሎቹም ከዚህ አይሻሉም። ሁለተኛ ደረጃ መሰል የሚባለው ቀመር በሁሉም ጥናት ማለት ይቻላል ከሁሉ የተሻለ ሆኖ የሚገኘው፣ በሥዕሉ በሁለቱም ዘንግ ላይ ጊዜ ስላለበትና አብዛኛው ነጥብ ሬዚኑ ከጠገበ በኋላ የተወሰደ ስለሆነ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥዕል ምንም ይለካ ምን ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። በሦስት የሙቀት መጠን ብቻ ተለክቶ የሚሰላው የኃይል ለውጥም መያዙ ሙቀት ሰጪና ኬሚካላዊ ያልሆነ መሆኑን ከማረጋገጥ አያልፍም፣ ይህም ሬዚኑ በኢታኖል መልቀቁ ብቻ የሚናገረው ነው።

በአንጻሩ ፋብሪካ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች እምብዛም አይነኩም። አንድ ሬዚን ሦስት ወይም አምስት ዙር ከሠራ በኋላ አቅሙ ብዙም አልቀነሰም የሚል ዓረፍተ ነገር ይዘወተራል፤ ሬዚን የሚያዋጣው ግን እጅግ ለበዙ ዙሮች ሲያገለግል ነው፣ የሚቆሽሸውም ቀስ በቀስ ነው። ታኒን፣ ፕሮቲንና ክሎሮፊል በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እየቀሩ ቅንጣቱን ያጠቁሩታል፤ በጠንካራ ኢታኖል፣ ቀጥሎም ከ2 እስከ 5 በመቶ በሆነ አልካሊና አሲድ ማደስ ይቻላል፣ ሁሉም ቆሻሻ ግን አይወጣም። ቅንጣቱ በኢታኖል ሲያብጥና በውሃ ሲሸበሸብ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀው ዱቄትም የዓምዱን ግፊት ያሳድጋል። ትንሹን ዓምድ ወደ ትልቅ ለማሳደግም ሁለት ነገሮች ይጋጫሉ፤ በሰዓት የሚያልፈው የሬዚን ይዘት እንዳለ ሆኖ ዓምዱ ከፍ ቢል ፈሳሹ በቅንጣቶቹ መካከል የሚሮጥበት ፍጥነት ይጨምራል፣ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ቁመቱን ይዞ ስፋቱን መጨመር ይቀላል፣ ሲሰፋ ግን ፈሳሹ እኩል ላይዳረስ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ወጪው ያለው ሬዚኑ ላይ ሳይሆን ኢታኖሉን አትንኖ መልሶ በመሰብሰቡ ላይ ነው። 70 በመቶ ኢታኖል ከተለመደው የክፍል ሙቀት በታች እንኳ የሚቀጣጠል ተን ስለሚሰጥ፣ ሕንጻውና የኤሌክትሪክ ዕቃው ሁሉ ለዚያ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

አማራጮቹ በአጭሩ ሊታዩ ይችላሉ። ፖሊአማይድ የተባለው ፖሊመር በሃይድሮጅን ትስስር ፍላቮኖይድን ከሬዚን በተሻለ ይመርጣል፣ ታኒንን ግን አጥብቆ ይይዛል፤ ሴፋዴክስ ኤልኤች-20 የተባለው የዓምድ መሙያ ለመጨረሻው ማጣራት እጅግ ጥሩ ሲሆን ዋጋው ለብዛት ምርት አይመችም፤ በፈሳሽና በፈሳሽ መካከል በሚሽከረከር ጥቅል ቱቦ የሚደረገው ክሮማቶግራፊ ጠጣር ነገር ስለሌለበት ተጣብቆ የሚጠፋ ውህድ የለውም። ሬዚን ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር ሳይሆን የሚቀድማቸው ነው፤ ሥራው ከጥሬው ብዙውን ቆሻሻ በርካሽ መጣል ነው፣ አንድ ንጹሕ ውህድ ከእርሱ መጠበቅም ካለቦታው መጠየቅ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም። በኢንዱስትሪ ሩቲን ከጃፓን ሶፎራ ዛፍ እምቡጥ የሚወጣው ለዘመናት በአልካሊ በማሟሟትና በአሲድ በማርጋት ነው፤ ውህዱ በብዛት ካለና በቀላሉ የሚረጋ ከሆነ ዓምድ ትርፍ ወጪ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የኢትዮጵያ ቤተ ሙከራዎችን በቀጥታ ይመለከታል። በኮንሶና በጋሞ አካባቢ የዕለት ምግብ የሆነው የሽፈራው ወይም የሀለኮ ቅጠል ዋና ፍላቮኖይዱ ሩቲን ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ሬዚን ይሻላል የሚለው ሳይሆን ሬዚን ያስፈልጋል ወይ የሚለው መሆን ይኖርበታል፣ መልሱም በአንድ ናሙና ላይ ማርጋትንና ዓምድን ጎን ለጎን በመሞከር ይገኛል። የጤፍ ገለባና ፍሬ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በውስጡ ያሉት ፍላቮኖይዶች ብዙና ጥቂት ጥቂት ስለሆኑ በማርጋት አይለዩም፣ ዓምድ የሚገባውም ለእንዲህ ያለው ነው። ሬዚኑ ከውጭ የሚገባ ሲሆን፣ ይበልጥ በብዛት የሚፈጀው ኢታኖል ግን በፊንጫና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ሲመረት የኖረ ነው። በዚህ መስክ አዲስ ጥናት የሚጀምር ተመራማሪ አሥረኛውን የላንግሚር መስመር ከማስመር ይልቅ፣ ከደረቁ ቅጠል እስከ መጨረሻው ዱቄት ድረስ ፍላቮኖይዱ በየደረጃው የት እንደቀረ የሚያሳይ ሙሉ ሒሳብ ቢያቀርብ፣ ውህዶቹን በስማቸው ቢለካ፣ ያንኑ ሬዚንም አርባና ሃምሳ ዙር አሠርቶ ውጤቱን ቢመዘግብ፣ በሌላ ቦታ ከተጻፈው አብዛኛው የበለጠ ለባለ ፋብሪካው የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።